የአስታማሚ ባል ደብተር

ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት የነገረን ቀን ከደሴ ወደ ውርጌሳ ስንመለስ፣ ሐይቅን እስክናልፍ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም። ውጫሌ ላይ መኪናው ሰው ሲያወርድ ባለቤቴ ዞር ብላ «ሊጡ ኮምጥጦ ይጠብቀናል» አለችኝ። ጠዋት አብሲት ጥላ ነበር የወጣችው። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑን በሰማች በሁለት ሰዓቷ ያሳሰባት የሊጥ ነገር ሆነ። ያኔ ገርሞኝ ነበር፤ ዛሬ አይገርመኝም። ሕመሙን የሚይዝ ሐኪም አለ። ሊጡን፣ ላሟን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የጤና መድን ካርዱን የሚይዝ ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም አንተ ነህ።

የምጽፈው ለባሎች ነው። ሚስቶች ባላቸውን ሲያስታምሙ ኖረዋል፤ «እንዴት ቻልሽው?» ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። የሚጠቅማቸው ነገር ካገኙበት እነሱም ይውሰዱት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው ከሐኪሞችና ከነርሶች እየጠየቅሁ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩትን ነው። ያንተ ሐኪም ሌላ ካለህ የእሱን ስማ።

በስሙ ጥራው

እኛ ዘንድ በሽታውን በስሙ የሚጠራ ጥቂት ነው። «ያ በሽታ» ይባላል። ትልልቆቹ «ነቀርሳ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ግን ጣጣ አለው። ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ ስለምንለው፣ ሰው ካንሰርም የሚተላለፍ ይመስለዋል። ቡና ስንጠጣ የባለቤቴን ስኒ ለብቻው የምታስቀምጥ ጎረቤት ነበረችን። ክፋት አልነበረባትም፤ ቃሉ ነው ያሳሳታት። ካንሰር አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተ ዘመዱም ለጎረቤቱም ተናገር።

ሐኪሙን ጥግ ይዞ «ለእሷ እንዳትነግራት» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። መርዶ እንደመደበቅ ይቆጥረዋል። አትስማማ። ምን እንደያዛት ያላወቀች ሴት፣ ፀጉሯ ሲረግፍና ሲያስመልሳት «የሚገድለኝ መድኃኒቱ ነው» ብላ ታቆመዋለች። ልጆችም ከሰፈር ልጅ ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። «እናታችሁ ታማለች፣ መድኃኒት ጀምራለች፣ መድኃኒቱ ጥቂት ቀን ያስተኛታል» ካልካቸው ለጊዜው ይበቃቸዋል።

ደብተሩ

ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዛ። በመጀመሪያው ገጽ ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯን፣ የደም ዓይነቷን፣ የማይስማማት መድኃኒት ካለ እሱን ጻፍ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ዙር አንድ ገጽ መድብ፦ የወሰደችበት ቀን፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ ክብደቷ፣ የደም ምርመራው ውጤት፣ በየቀኑ የተሰማት ነገር። ክብደቱን አትናቀው፤ የኬሞ መጠን የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው። ሰባት ኪሎ ከቀነሰች ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለሐኪሙ የምታቀርበውን ጥያቄም በመጨረሻው ገጽ አጠራቅም፤ ፊቱ ስትቀርብ ግማሹ ይጠፋብሃልና።

ወረቀት ሁሉ በስልክህ ፎቶ ይነሳ። ፎቶውን ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ ወንድምህ ወይም ልጅህ በቴሌግራም ላክለት። ይህን ያስተማረን ጦርነቱ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በሰሜን ወሎና በደሴ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ የስንቱ ሰው ካርድና ውጤት አብሮ ጠፋ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን የእኛ ካርድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለሦስት ሳምንት ተሰውሮብን ነበር፤ ዙሩ ያልተላለፈብን ስልኬ ላይ ፎቶው ስለነበረ ነው። ከሁሉ በላይ የናሙናውን ውጤት ጠብቅ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባሉ የናሙናውን ብሎክ (ናሙናው በሰም የተያዘበትን) አምጡ ልትባሉ ስለምትችሉ፣ ናሙናው የት እንደተቀመጠም ጻፈው።

የጤና መድን ካርድ ካላችሁ መንገዱን አትዝለል። ከጤና ጣቢያ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ በየደረጃው ሪፈር ወረቀት ይዘህ ነው የምትሄደው። «ጊዜ ልቆጥብ» ብለህ በቀጥታ ከሄድክ ካርዱ ያንን ወጪ ላይሸፍንልህ ይችላል። የእድሳቱን ቀን ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍ።

ሃያ አንዱን ቀን መቁጠር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ። በሽታው የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ብዙው የጡት ካንሰር ኬሞ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ በሳምንት ወይም በ14 ቀን የሚሰጥም ስላለ የእናንተን ጠይቅ። የቤቱን ሥራ ከዚህ ጋር ካላስማማኸው ቤቱም እሷም ይደክማሉ። እኛ ቤት ከኖራው ግድግዳ ላይ በከሰል 21 መስመር አሰመርኩ። ልጆቹ በየማታው አንድ ይሰርዛሉ።

የመጀመሪያው ቀን ኬሞው የሚሰጥበት ነው። ቀይ ቀለም ያለው መድኃኒት ካለበት ሽንቷ ለአንድና ለሁለት ቀን ይቀላል፤ ደም መስሏችሁ አትደንግጡ። መድኃኒቱ ከሰውነቷ የሚወጣው በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ስለሆነ ለ48 ሰዓት ያህል የተነካውን ልብስና አንሶላ ጓንት አድርገህ ለብቻው እጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ማቅለሽለሹ ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን እስኪያስመልሳት አትጠብቅ፤ በታዘዘው ሰዓት ስጣት። ያ መድኃኒት ደግሞ ሆድ ሊያደርቅ ስለሚችል ውሃና ፓፓያ አይለያት። በነዚህ ቀናት እቤት ውስጥ ቁሌት አታቁላላ። የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ብቻውን ያስመልሳታል። ወጡ ጎረቤት ይሠራ፣ ወይም ጓሮ ጉልቻ ጣል። የዕጣን ጭስም እንደዚያው፤ ቡናው ይቅር አልልህም፣ ወሎ ላይ ማን ይሰማኛል፣ ግን ጭሱ ይቅር። ቀዝቃዛ ምግብ ከትኩስ ይሻላታል፤ ሽታው ያንሳል።

ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አደገኛው ጊዜ ነው። ማቅለሽለሹ አልፎላት፣ ደህና መስላ፣ «ተነሣሁ» ትልሃለች። በውስጧ ግን በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያንሱት ያኔ ነው። በዚህ ሳምንት እበት አትዛቅ፣ ቤት በእበት አትለቅልቅ፣ የዶሮ ቤት አትጥረግ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ እንቁላል አይቅረባት። ውሃው ይፍላ ወይም ውሃ አጋር የሚባለው ማከሚያ ይጨመርበት። ለቅሶ ቤት፣ ገበያና የታጨቀ መኪና ይቅርባት።

ከአሥራ አምስተኛው ቀን በኋላ ያለው ሳምንት የእናንተ ነው። ሠርግ ካለ ያኔ ትሂድ፤ እናቷን ያኔ ትጠይቅ። አጨዳና ውቂያም ወደዚያ ይገፋ፤ አንተ እርሻ ውለህ የምታመሸው እሷ ብቻዋን መቆየት በምትችልበት ሳምንት ይሁን። ከዙሩ አንድና ሁለት ቀን በፊት ደም ትመረመራለች፤ ሴሎቹ ካልተመለሱ ዙሩ በሳምንት ይገፋል። ያ ሽንፈት አይደለም። ግድግዳው ላይ ሰባት መስመር ጨምርበት።

ፀጉር የሚረግፈው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ነው። የእኛው በ17ኛው ቀን ጀመረ። ሻሿን ስትፈታ እፍኝ ፀጉር አብሮ መጣ። እህቷ ምላጭ ይዛ መጥታ ጓሮ ተቀምጠው ስትላጫት፣ አንዲት ጎረቤት በአጥሩ አሻግራ አየችና ደረቷን ደቃች። ራስ መላጨት ለእኛ የሐዘን ምልክት ነዋ። «ማን ሞተባችሁ?» ስትል ባለቤቴ «ፀጉሬ ነው የሞተው፤ ቅሬ (ዕድር) አትጥሪ» አለቻት። ሦስቱም ሳቁ። እኔ ከቤት ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ይህንንም ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

ትኩሳት የመጣ ሌሊት

ቴርሞሜትር ግዛ። ከመድኃኒት ቤት በትንሽ ገንዘብ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ ቤታችሁ ካለው ሁሉ ግን እሱን የሚያህል የለም። 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከበለጠ ሆስፒታል ትሂድ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ የምንኖረው ወባ ባለበት በሀብሩ ወረዳ ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ትኩሳት ያዛት ሲባል አንዱ «ወባ ነው፣ ኮአርተም ግዛላት» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል። ሌላ ጊዜ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ግን የሚከላከሉላት የደም ሴሎች ስላነሱ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ፓራሲታሞል ሰጥተህ «እስኪነጋ እንይ» አትበል፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። ወደሚቀርብህ ሆስፒታል ውሰዳትና በር ላይ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል «ኬሞ ላይ ናት፣ ይሄ አሥረኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳት አላት» ይሁን። ደብተሩን አሳያቸው። ወረፋ አትጠብቅ።

መኪናውን ከወዲሁ አዘጋጅ። የወረዳ አምቡላንስ በአብዛኛው የሚሮጠው ለወላድ ነው። ባለ ሚኒባስ ወይም ባለ ባጃጅ ከሆነ ጎረቤትህ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፦ «ሌሊት ብደውልልህ ትነሣለህ?» በለው። የነዳጁን ብር ለብቻው አስቀምጥና ለሌላ ነገር አትንካው።

ድድ ወይም አፍንጫ ሲደማ፣ ቆዳዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ሲወጣ፣ ሳታቋርጥ ሲያስመልሳት ወይም ሲያስቀምጣትም እንደዚሁ ነው። ክሊኒክ ሄዳ ለራስ ምታት መርፌ እንዳትወጋ፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳትወስድ።

ምጣዱ

ጡቷ ተቆርጦ ከብብቷ እጢ የተወሰደ ከሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ዕድሜ ልኳን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈሳሹ በደንብ ስለማይመለስ ሊያብጥ ይችላል። በዚያ ክንድ ጀሪካን አይነሣም፣ መርፌ አይወጋም፣ የደም ግፊት አይለካም። ቃጠሎና ቁስልም እንዳይነካው። እስቲ አስበው፤ ጀሪካን፣ እንጨት፣ ምጣድ፣ የከብት ገመድ። የቤታችን ሥራ በሙሉ ክንድ ነው። ስለዚህ ውሃው ያንተ ነው፣ እንጀራውም ያንተ ነው።

የመጀመሪያ እንጀራዬን ምጣዱ ሳይግል አፈሰስኩት፤ ተጣብቆ ቀረ። ሁለተኛውን ማሰሻውን ረሳሁ። ሦስተኛው ወጣ፣ ግን ዓይን የሚባል አልነበረውም። ባለቤቴ መደብ ላይ ጋደም ብላ «አክንባሎውን ቶሎ አታንሣው፣ ጠርዙ ብድግ ሲል ነው» እያለች ታዘኛለች። በሁለተኛው ወር ጎረቤት የሚበላው እንጀራ ጋገርኩ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለውን ክንድ ማንቀሳቀስ ግን የእሷ ሥራ ነው፦ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጣቶቿ እየቆነጠጠች ክንዷን ወደ ላይ ታስኬድ፤ መቼ እንደምትጀምር የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ይነግራችኋል።

አፏ ከቆሰለ በርበሬ ይቅር። አልጫ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ስጣት። ጥቂት ጨው በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አሟሙታ በቀን አራቴ አምስቴ ትጉመጥመጥ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትበላልህም፤ በቀን ስድስቴ ሁለት ሁለት ጉርሻ ይሻላል።

ሰው፣ ጾም፣ ጸበል

ሰው ሕመምተኛ ሲጠይቅ ይስማል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል። አታስቀይም፤ ግን ሥርዓት አብጅለት። በደካማው ሳምንት በረንዳ ላይ አግዳሚ አውጣና እንግዳው እዚያው ይቀመጥ። ጉንፋን የያዘው በአጥሩ ላይ ሰላም ብሎ ይለፍ። ይህን አንተ ብትናገረው «ኮራ» ይሉሃል። የቅሬው ዳኛ፣ ቄሱ ወይም ሸኹ ይንገሩልህ፤ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ሰው ይቀበለዋል።

ቅሬ የተቋቋመው ለሞት ነው። ግን ለቅሬው ዳኛ ሄጄ «ሰው ሳይሞት እርዱኝ» ብዬ ስጠይቅ አላሳፈረኝም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለሁለት ቀን ወጥቶ ማሽላዬን አጨደልኝ። ስትጠይቅ ለይተህ ጠይቅ። «እርዱኝ» ካልካቸው «አይዞህ» ይሉሃል፤ «ሐሙስ የሚያጭዱ ስድስት ሰዎች» ካልካቸው ስድስት ሰው ይመጣል።

ጾምን በተመለከተ አንተ አትፍረድ፤ ሐኪሙ የሚለውን ይዘህ ወደ ንስሐ አባቷ ሂድ። ሙስሊም ከሆነችም የረመዳን ጾም ለታመመ ሰው ተነሥቶለታል፤ ሲሻላት ታወጣዋለች። ጸበልን ከሕክምና ጋር የሚያጣላ ሰው ቢመጣብህ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታውሰው። በደካማው ሳምንት የምትጠጣው ግን ከምንጭ የተቀዳ ያልፈላ ውሃ አይሁን። ጥቁር አዝሙድም ሆነ የደብተራ ሥር፣ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገረው፤ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ አለ።

ብርና መንገድ

በሬውን መጀመሪያ አትሽጥ። ብዙ ሰው ደንግጦ በሬውን ሸጦ፣ በሁለተኛው ዓመት በሽታውም ድህነቱም አብረው ያገኙታል። በግና ፍየል ይቅደም፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ። ዕቁብ ካለህ ዕጣህን እንዲያስቀድሙልህ ጠይቅ። ባለቤትህ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነች በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ።

ቀጠሮ ሲደርስ በዚያው ቀን ጠዋት አትነሣ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደሴ እደሩ። መድረስ ካልቻላችሁ ደውልና ተናገር። ዙር በጥቂት ቀን ቢዘገይ ሐኪሙ ያስተካክለዋል፤ ዝም ብሎ መቅረት ነው የሚጎዳው። ከውጭ ግዙ የተባላችሁት መድኃኒት ፍሪጅ የሚፈልግ መሆኑን ጠይቅ። አዲስ አበባ ገዝቶ 400 ኪሎ ሜትር በሚሞቅ አውቶቡስ ጭኖት የሚመጣ አለ፤ ያ መድኃኒት ሊበላሽ ይችላል።

ጨረር ከታዘዘ ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ነው፤ ለረጅም ዓመታትም ብቸኛው ነበር። ዛሬ ጅማን የመሰሉ ሌሎች ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ኬሞው ሳያልቅ ስሟን አስመዝግብ። ጨረሩ ራሱ በየቀኑ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሦስትም ለአምስትም ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅመ ደካማ ሕሙማን ማረፊያ አለው። ቦታው ውስን ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ።

መኝታ

ይህን ማንም ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ። በሕክምናው ወራት ማርገዝ የለባትም፤ መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ደግሞ ኪኒኑም፣ ዲፖውም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሆርሞን ስላላቸው አይሆኑም። ኮንዶም ወይም ሆርሞን የሌለው ሉፕ ነው መላው። ካልፈለገች ደግሞ አታስቸግራት፤ አጠገቧ ተኛ ብቻ። እኔ «እንዳልረብሻት» ብዬ መደብ ላይ ስተኛ ሰንብቼ፣ ለካ እሷ «ተጸየፈኝ» ብላ ነው የምታለቅሰው።

አንተም ሰው ነህና ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ሌሊት እህቷ ወይም እናትህ ትደርና ሙሉ እንቅልፍ ተኛ።

ኬሞው ሲያልቅ ጎረቤት «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ብሎ ይበተናል። ብዙ ሴቶች ግን ከዚያ በኋላ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይውጣሉ። አምስት ዓመት ማለት የእኛ ትንሿ ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ሰባተኛ ትገባለች ማለት ነው። ደህና ሆናለችና ይብቃት አትበል።

ጎረቤቱ ለሆንከው ደግሞ፦ ሚስቱን የሚያስታምም ሰው ስታገኝ «እግዜር ይማርልህ»፣ «አላህ አፊያ ያድርግልህ» በለው፤ ደግ ነው። ግን አትለፈው። ዛሬ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ጠይቀው፤ ዘጠነኛ ካለህ ጀሪካኑን ተቀብለኸው ውሃ ቅዳለት።